መግለጫውን ሸፍኖ ማየት፦ የቅኝ ግዛት ዘመን የፓሲፊክ ፎቶግራፎችን ደረጃ በደረጃ ለመመርመር

ቶማስ አንድሩ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ በ1909 ያነሳው አንድ ምስል አለ። የሳሞአ አለቆች በአንድነት ይታያሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ረጅም በትር ይዟል። ላየው ሰው የሹመት በዓል ይመስላል። የቆሙበት ወለል ግን የጀርመን የጦር መርከብ ነው። በትር የያዘው ላዋኪ ናሙላውኡሉ ማሞኤ ይባላል፤ የጀርመንን አስተዳደር በመገዳደሩ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ሳይፓን ደሴት እየተጋዘ ነው። አገሩን ዳግመኛ አላየም። በ1915 ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገድ ላይ፣ ታራዋ ደሴት ላይ ሞተ።

ምስሉን ብቻ ያየ ሰው ይህን ሁሉ አያውቅም። ከሥሩ «የሳሞአ አለቆች» የሚል ጽሑፍ ቢያነብም ያው ነው። የእነዚህ ፎቶግራፎች ችግር እዚህ ላይ ነው፦ ምስሉ ብዙ ያሳያል፣ መግለጫው ግን ወይ ዝም ይላል ወይ ይዋሻል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ዘዴ መግለጫውን ወደ መጨረሻ የሚገፋ ነው። ከወረቀቱ ይነሳል፣ ወደ ምስሉ ይገባል፣ ወደ ሰዎቹ ይደርሳል፤ የታተመው ጽሑፍ እንደ አንድ ተጠርጣሪ ምስክር በስተኋላ ይጠራል።

ምሳሌዎቼን በብዛት የምወስደው ከሳሞአ ነው። ትንሽ አገር ናት፤ ስቱዲዮዎቿ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ባንዲራዎቿ ግን ቶሎ ቶሎ ተቀያይረዋል። ለመማሪያ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመርዎ በፊት አሥር እጥፍ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር፣ ለስላሳ እርሳስ፣ ማስታወሻ ደብተርና ከተቻለ ስካነር ያዘጋጁ። በእጅዎ ያለው ዋናው ፎቶግራፍ ከሆነ ጠርዙን ብቻ በንጹሕና ደረቅ እጅ ወይም በጓንት ይያዙ። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ምንም አይጻፉ፤ ቀለሙ ከዓመታት በኋላ ወደ ፊት ለፊቱ ዘልቆ ይወጣል። ምስሉን በኮምፒውተር ብቻ የሚያዩት ከሆነም ደረጃዎቹ ያው ናቸው፣ ነገር ግን የጀርባውን ምስል ሳያገኙ አይለፉ።

ደረጃ አንድ፦ መግለጫውን ይሸፍኑና ያዩትን ይጻፉ

በቁራጭ ወረቀት ጽሑፉን ይሸፍኑ። ከዚያ ለአሥር ደቂቃ ያህል የሚያዩትን ብቻ ይዘርዝሩ፤ የሚያስቡትን አይጻፉ። «ባሪያ»፣ «ንጉሥ»፣ «አገልጋይ» የሚሉ ቃላት ግምት ናቸው። «ባዶ እግሩን የቆመ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ወደ ካሜራው የማያይ ወጣት» ግን ማየት ነው። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከፊት ወደ ኋላ ይሂዱ። መሬቱን አይርሱ። ጥላው የት ወደቀ? ወለሉ ላይ ምንጣፍ አለ ወይስ አሸዋ? ከጀርባ ያለው ዛፍ እውነተኛ ነው ወይስ ሸራ ላይ የተሳለ?

ይህን ሥራ የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው፤ እኔም እዘለው ነበር። ነገር ግን «የሳሞአ ቆንጆ» የሚል መግለጫ አስቀድሞ ያነበበ ዓይን ቆንጆዋን ብቻ ያያል። እግሯ ሥር ያለውን የስቱዲዮ ምንጣፍ አያይም።

ደረጃ ሁለት፦ ወረቀቱን ይመርምሩ

ፎቶግራፍ ዕቃ ነው። ዕቃነቱ ዕድሜውን ይናገራል።

መጀመሪያ በአጉሊ መነጽር ይዩት። ምስሉ በጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሠራ ከሆነ እንደ ጋዜጣ ሥዕል በማተሚያ የታተመ ነው እንጂ ከኔጋቲቭ፣ ማለትም ብርሃንና ጥላው ተገልብጦ ከሚወጣበት የካሜራው መስታወት ወይም ፊልም፣ የወጣ ፎቶግራፍ አይደለም። ነጠብጣብ ከሌለው ወረቀቱን ያጢኑ። ቀጭን፣ ትንሽ የሚያብለጨልጭ፣ ነጩ ክፍል ወደ ቢጫ ያደላና በወፍራም ካርቶን ላይ የተለጠፈ ከሆነ በእንቁላል ነጭ የተዘጋጀ ወረቀት ላይ የታተመ ሊሆን ይችላል። ይህ ዓይነቱ ወረቀት ከ1850 ጀምሮ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሲሠራበት ቆይቷል። ጥቁሩ ክፍል ከጎን ሲታይ እንደ መስታወት ብር ብር የሚል ከሆነ ደግሞ ከ1890ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው የጄላቲን ወረቀት መሆኑ ነው።

የካርቶኑ መጠንም ይረዳል። ስድስት ተኩል በአሥር ሴንቲሜትር የሚያህለው ትንሹ የጉብኝት ካርድ በ1860ዎቹ ፋሽን የነበረ ነው፤ ከእሱ ተለቅ ያለውና አሥራ ስድስት ሴንቲሜትር ተኩል የሚደርሰው ካርድ በኋላ ቦታውን ወሰደ።

ፖስታ ካርድ ከሆነ ይገልብጡት። የጀርባው ገጽ በሙሉ ለአድራሻ ብቻ የተተወ ነው ወይስ መሐሉ ላይ መስመር አለው? ቀድሞ በጀርባው ላይ ከአድራሻ በቀር መጻፍ አይፈቀድም ነበር፤ ሰላምታውን ሰዎች በምስሉ ጠርዝ ላይ ያጣብቡት ነበር። ብሪታንያ በ1902፣ ጀርመን በ1905፣ አሜሪካ በ1907 ጀርባውን ለሁለት መክፈል ፈቀዱ። ስለዚህ ጀርባው በመስመር የተከፈለ የጀርመን ካርድ ከ1905 በፊት ታትሟል ማለት ያስቸግራል።

ቴምብሩም ይናገራል። በጀርመን ዘመን የሳሞአ ቴምብሮች የንጉሠ ነገሥቱን መርከብ ሆሄንዞለርንን ይዘው ይታዩ ነበር። ኒው ዚላንድ በኦገስት 1914 ደሴቶቹን ስትይዝ ለአዲስ ቴምብር ጊዜ አልነበረም፤ የጀርመኑ ቴምብር ላይ የብሪታንያን ንጉሥ የሚያመለክቱ ሦስት የላቲን ፊደላት ታትመውበት አገልግሎት ላይ ዋለ። የጀርመን መርከብ ከእንግሊዝ ንጉሥ ምልክት ጋር በአንድ ቴምብር ላይ ካዩ፣ ይዞታው ከመቀየሩ ጋር ተያይዞ የመጣ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ በራሴ ስሕተት የተማርኩት። የ1912 የፖስታ ማኅተም ያለበት ካርድ አግኝቼ «ፎቶግራፉ የ1912 ነው» ብዬ ጻፍኩ። ከወራት በኋላ ያንኑ ምስል በ1890ዎቹ በተዘጋጀ አልበም ውስጥ ተለጥፎ አገኘሁት። ማኅተሙ ካርዱ መቼ እንደተላከ ይናገራል። ካርዱ ከመላኩ በፊት በመደርደሪያ ላይ ዓመታት ሊቀመጥ ይችላል፤ ኔጋቲቩ ደግሞ ካርዱ ከመታተሙ በፊት ሃያ ዓመት በሣጥን ውስጥ ኖሮ ሊሆን ይችላል። ሦስት የተለያዩ ቀኖች አሉ፦ የተነሳበት፣ የታተመበት፣ የተላከበት። በደብተርዎ ላይ ሦስቱን በሦስት መስመር ይጻፉ።

ደረጃ ሦስት፦ መሣሪያው ምን ማየት እንደማይችል ይወቁ

ከ1851 በኋላ ለሠላሳ ዓመት ያህል ፎቶግራፍ ይነሳ የነበረው እርጥብ ኬሚካል በተቀባ መስታወት ነበር። አንሺው መስታወቱን ይቀባል፣ ሳይደርቅ ያነሳበታል፣ ሳይደርቅ ያጥበዋል፤ ሁሉም በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ስለዚህ ወደ ደሴት የሄደ ሰው ጨለማ ድንኳኑን፣ ጠርሙሶቹንና ንጹሕ ውኃውን ተሸክሞ ነው የሚሄደው። ሰዎቹ ለሰከንዶች እንዳይንቀሳቀሱ ይታዘዛሉ። የተኮሳተረ ፊት ያየ ብዙ ሰው «አስፈሪ ሕዝብ» ብሎ ይደመድማል፤ ፈገግታን ይዞ መቆየት ከባድ ስለሆነ ነው እንጂ በዚያው ዘመን የለንደን ነጋዴም እንዲሁ ነበር የሚኮሳተረው።

ከዚህ የሚከፋው የቀለሙ ነገር ነው። ያ ኬሚካል ሰማያዊን እንጂ ቀይንና ቡናማን በደንብ አያይም ነበር። ውጤቱ ሰማዩ ባዶ ነጭ፣ ቀይ ጨርቅ ጥቁር፣ ቡናማ ቆዳ ደግሞ ከእውነቱ የጠቆረ ሆኖ መውጣቱ ነው። በኒው ዚላንድ በማኦሪዎች ፊት ላይ ያለው ሰማያዊ አረንጓዴ ያዘለ ንቅሳት በአንዳንድ ምስሎች ፈጽሞ ይጠፋል። ለገዢ የሚሸጠው ግን ንቅሳቱ ስለነበረ አንዳንድ ስቱዲዮዎች በኔጋቲቩ ላይ በእጃቸው መልሰው ይስሉት ነበር። ስለዚህ ንቅሳት የሌለው ፊት ሲያዩ «አልተነቀሰም» አይበሉ፤ እጅግ የጠራ ንቅሳት ሲያዩም በአጉሊ መነጽር የብሩሽ ዱካ ይፈልጉ።

የ1870ዎቹና የ1880ዎቹ ደረቅ መስታወት ሲመጣ ጓዙ ቀለለ። በ1888 ኮዳክ፣ በ1900 ደግሞ በአንድ ዶላር የሚሸጠው ብራውኒ ካሜራ ሲደርስ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ፤ የመንግሥት ሠራተኛው፣ የሚስዮናዊው ሚስት፣ የመርከብ መንገደኛው ሁሉ አንሺ ሆነ። ሰው ሲስቅ፣ ሕፃን ሲሮጥ፣ ቤት ተዛብቶ ሲታይ ያኔ ነው።

ደረጃ አራት፦ ቀኑን ከምስሉ ውስጥ ያውጡ

ይህ የሥራው ጣፋጭ ክፍል ነው፤ ጊዜ ይስጡት።

የአፒያ ወደብ ምስል አለዎት እንበል። ከባሕሩ ዳር፣ በኮራሉ ላይ ጎኗን የተኛች የመርከብ ስባሪ ትታያለች? በማርች 1889 አጋማሽ ሦስት የጀርመንና ሦስት የአሜሪካ የጦር መርከቦች ሳሞአን ለመያዝ እዚያ ወደብ ውስጥ ተፋጠው ሳለ ማዕበል መጣ። ማንም ሊቀድም ስላልፈለገ ማንም አልወጣም፤ ስድስቱም ተሰባበሩ ወይም መሬት ላይ ተጣሉ። የእንግሊዟ ካሊዮፕ ብቻ ማዕበሉን ሰንጥቃ ወደ ባሕር አመለጠች። ከጀርመኖቹ አንዷ የነበረችው አድለር ኮራሉ ላይ ተገልብጣ ለአሥርተ ዓመታት ዝጋ ቀረች። ስባሪዋ ከታየ ፎቶግራፉ ከማርች 1889 በኋላ ነው። ከዚህ የሚጠነክር ምስክር ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ቀጥሎ ባንዲራ። የጀርመን ባንዲራ በምዕራብ ሳሞአ የተሰቀለው ማርች 1 ቀን 1900 ነው፤ ምሥራቁን አሜሪካ ወሰደች። ኦገስት 29 ቀን 1914 የኒው ዚላንድ ወታደሮች ገቡ። ወንዶች ነጭ መስመር ያለበት ጥቁር መሳይ ሽርጥ ታጥቀው በሰልፍ ከታዩ ደግሞ ማው የተባለው የነጻነት ንቅናቄ ነው፤ ሽርጡ በእውነቱ ጥቁር ሰማያዊ ነበር፣ ዘመኑም የ1920ዎቹ መጨረሻና የ1930ዎቹ ነው። ዲሴምበር 28 ቀን 1929 የኒው ዚላንድ ፖሊሶች በአፒያ ሰላማዊ ሰልፈኞች ላይ ተኩሰው መሪያቸውን ቱፑዋ ታማሴሴ ሌአሎፊን ገደሉ። በአፒያ ስቱዲዮ የነበረው አልፍሬድ ታተርሳል የዚያን ዘመን የማው ሰዎችን አንስቷል። ያን ሽርጥ የለበሱ ሰዎችን «ባህላዊ ልብስ የለበሱ ተወላጆች» ብሎ መግለጽ ትልቅ ስሕተት ነው፤ የለበሱት የተቃውሞ ደንብ ልብስ ነው።

ሌሎች አገሮችም የራሳቸው ምልክት አላቸው። ፊጂ በኦክቶበር 10 ቀን 1874 ለብሪታንያ ስትሰጥ ዋና ከተማዋ ሌቩካ ነበረች፤ ወደ ሱቫ የተዛወረው በ1882 ነው። ስለዚህ «የሱቫ ቤተ መንግሥት፣ 1875» የሚል መግለጫ ራሱን ይክዳል። በሱቫ ባሕር ዳርቻ ግራንድ ፓሲፊክ ሆቴል ከታየ ምስሉ ከ1914 ወዲህ ነው።

የታችኛውንና የላይኛውን ወሰን ያስቀምጡ፦ «ከ1889 በኋላ፣ ከ1900 በፊት»። አንድ ዓመት ለመጥቀስ አይጨነቁ። በልበ ሙሉነት የተጻፈ የተሳሳተ ዓመት ሌሎች እየገለበጡት ይኖራል።

ደረጃ አምስት፦ ቦታውን በድሮ ስሙም በአዲስ ስሙም ይፈልጉ

የሳንድዊች ደሴቶች የተባለችው ሃዋይ ናት። የወዳጅነት ደሴቶች ቶንጋ፣ የመርከበኞች ደሴቶች ሳሞአ፣ ኒው ሄብሪዲስ ቫኑዋቱ፣ ጊልበርት ኪሪባቲ፣ ኤሊስ ቱቫሉ፣ ፕሌዠንት ደሴት ናውሩ ናት። ኒዩዌን ካፒቴን ኩክ «የአረመኔ ደሴት» ብሏት ስሙ በካርታ ላይ ኖረ። ጀርመኖች የዛሬዋን ኒው ብሪታንያ አዲስ ፖመራኒያ፣ ኒው አየርላንድን አዲስ መክለንቡርግ ይሏቸው ነበር፤ እነዚህ ስሞች በምስሉ ላይ ታትመው ካዩ የጀርመን ዘመን ሥራ ነው ብለው መነሳት ይችላሉ።

ለአማርኛ አንባቢ አንድ ጠቃሚ ነገር፦ ሳሞአኛ በላቲን ፊደል ሲጻፍ «ጂ» የምትባለዋ ፊደል ድምፅዋ «ንግ» ነው። በምሥራቅ ሳሞአ ያለው ወደብ ሲጻፍ «ፓጎ ፓጎ» ይመስላል፣ ሲነገር ግን «ፓንጎ ፓንጎ» ነው። በድሮ መግለጫዎች ሁለቱንም አጻጻፍ ያገኛሉ፤ ሲፈልጉ ሁለቱንም ይሞክሩ።

ደረጃ ስድስት፦ ማን አነሳው፣ ለማን ሸጠው

የስቱዲዮ ስም የአንሺ ስም አይደለም። በሲድኒ የነበረው የቻርልስ ኬሪ ስቱዲዮ ተቀጣሪዎች ያነሷቸውን ምስሎች በድርጅቱ ስም ይሸጥ ነበር። በአፒያ ደግሞ ታተርሳል በ1886 የመጣው ለጆን ዴቪስ ለመሥራት ነበር፤ በኋላ ስቱዲዮውን ተረከበ። ስቱዲዮ እጅ ሲለውጥ ኔጋቲቮቹም አብረው ይሄዳሉ፣ አዲሱ ባለቤትም በራሱ ስም ያትማቸዋል። ስለዚህ አንድ ምስል በሁለት ስም ሲያገኙ አንዱ ሌባ ነው ብለው አይቸኩሉ።

ይበልጥ የሚጠቅመው ጥያቄ ገዢው ማን ነበር የሚለው ነው። በደነዲን ከተማ የነበሩት የበርተን ወንድማማቾች አንዱ፣ አልፍሬድ በርተን፣ በ1884 ዋይራራፓ በተባለች መርከብ ወደ ፊጂ፣ ሳሞአና ቶንጋ ሄዷል። ጉዞው የመርከብ ኩባንያ የሽርሽር ጉዞ ነበር፤ ምስሎቹም ወደፊት ለሚመጣ መንገደኛ የሚያሳዩ ናቸው፦ ጸጥ ያለ ባሕር፣ ንጹሕ መንደር፣ እንግዳ ተቀባይ ሰው። ጆን ዊልያም ሊንት በ1885 ወደ ኒው ጊኒ የሄደው ግን ከአዲሱ የብሪታንያ ገዥ ከሰር ፒተር ስክራችሊ ጋር ነው፤ ብሪታንያ በአገሩ ላይ ባንዲራዋን ከሰቀለች ዓመት ገና እየሞላ ነበር። እሱ የሚያሳየው አዲስ ይዞታ ነው። ሚስዮናዊ ሲያነሳ ደግሞ «በፊት»ና «በኋላ» ይወዳል፤ እርቃንና ልብስ፣ ጨለማና ትምህርት ቤት፤ ምክንያቱም ምስሉ ለአገር ቤት ምእመናን መዋጮ መጠየቂያ ነው።

ደረጃ ሰባት፦ የተደረደረውን ከኖረው ይለዩ

ሳሞአ ውስጥ የለንደን ሚስዮናውያን ማኅበር የደረሰው በ1830 ነው። በ1890ዎቹ አገሩ ሦስተኛ ትውልድ ክርስቲያን ይዟል፤ ሰንበት ሲመጣ ሴቶች ረጅም ቀሚስ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ታዲያ የዚያው ዘመን ፖስታ ካርዶች ለምን ደረታቸውን በገለጡ ልጃገረዶች ይሞላሉ? ለአውሮፓ የሚሸጠው እሱ ስለሆነ ነው።

ስቱዲዮ መሆኑን የሚያጋልጡ ነገሮች አሉ። ያው የሳር ቁልል፣ ያው የተሳለ ሸራ፣ ያው ጦር በተለያዩ ሰዎች እጅ ይደጋገማል። ቱይንጋ የተባለው ከሰው ፀጉርና ከላባ የሚሠራው ታላቅ የራስ ጌጥ በመንደሩ ሥርዓት ለአለቃ፣ ለአለቃ ልጅ ወይም ታውፖ ለምትባለዋ የመንደር እመቤት የሚገባ ነው፤ በስቱዲዮ ግን ላገኘው ሁሉ ይጫንለት ነበር። የፊጂ ስቱዲዮዎችም የጦር ዱላ ይዘው «የጥንቱ ሰው በላ» እያሉ የሚሸጧቸው ሰዎች ነበሯቸው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ታሪክ አይደለም። በ1868 ልዑል ዓለማየሁ ከመቅደላ እንግሊዝ እንደደረሰ በዋይት ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን አንስታዋለች። ጠባቂው ካፒቴን ስፒዲ፣ አባቶቻችን ባሻ ፈለቀ ያሉት፣ የሐበሻ ልብስ ለብሶ አብሮት ይታያል። ግዙፉ እንግሊዛዊ ሐበሻ ሆኖ፣ አባቱን በዚያው ዓመት ያጣው ሕፃን ደግሞ አጠገቡ አንገቱን ሰብሮ። ስፒዲ ወደ መቅደላ ዘመቻ የተጠራው ከኒው ዚላንድ ነበር፤ ከማኦሪዎች ጋር በተደረገው ጦርነት በዋይካቶ ሚሊሻ ውስጥ አገልግሏል። ግዛቱ ሰፊ ቢሆንም የሚዞሩበት ሰዎች ጥቂቶች ነበሩ፤ የአነሳስ ልማዳቸውም አንድ ነበር።

የተደረደረ ሁሉ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ብዙ አለቆች ራሳቸው ምርጥ ሰሌናቸውን አንጥፈው፣ የመረጡትን ለብሰው፣ ገንዘባቸውን ከፍለው ተነስተዋል። ኢኤ ቶንጋ የተባለው እንደ ሐር የለሰለሰ ሰሌን በሳሞአ ከገንዘብ በላይ የሚከበር ሀብት ነው። የከበረ ሰሌን የለበሰ፣ በራስ መተማመን ካሜራውን የሚያይ ሰው ካዩ ምናልባት ደንበኛው እሱ ነው። ልዩነቱን የሚነግርዎት ብዙ ጊዜ ስሙ ነው፦ ከፍሎ የተነሳ ሰው ስሙ ይመዘገባል።

የሥራ ምስሎች ላይም ይጠንቀቁ። ኮፕራ የሚያደርቁ፣ ማለትም የኮኮናት ሥጋ ፀሐይ ላይ የሚያሰጡ ሰዎችን ያሳየ የጀርመን እርሻ ፎቶግራፍ «የሳሞአ ሠራተኞች» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ሳሞአውያን ግን የራሳቸው መሬት ስለነበራቸው በኩባንያው እርሻ ለመቀጠር አይጓጉም ነበር። ኩባንያው ሠራተኛ የሚያመጣው ከሰለሞን ደሴቶችና ከኒው ጊኒ ወገን፣ ከ1903 ጀምሮ ደግሞ ከቻይና ነበር። በፊጂ የሸንኮራ አገዳ ማሳ ከ1879 እስከ 1916 ከስድሳ ሺህ በላይ ሕንዳውያን በውል ሠራተኝነት መጥተዋል። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ከ1863 እስከ 1904 ስድሳ ሁለት ሺህ ያህል የደሴት ሰዎች፣ ከፊሎቹ በማታለልና በአፈና፣ ለሸንኮራ ሥራ ተወስደዋል። መሐል ላይ ነጭ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ሲያዩ ዓይንዎን ወደ ጠርዙ ይውሰዱ፤ እዚያ የቆሙት ከየት መጡ ብለው ይጠይቁ።

ደረጃ ስምንት፦ ስም መፈለግ

በሳሞአ ማሊዬቶአ፣ ማታአፋ፣ ታማሴሴ የሚባሉት የአንድ ሰው ስሞች አይደሉም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፉ የማዕረግ ስሞች ናቸው። «ዋግሹም» ቢሉን ጎበዜ ነው ወይስ ሌላ ብለን እንደምንጠይቅ ማለት ነው። በ1890 የተነሳ «ማሊዬቶአ» ላውፔፓ ነው፤ እሱ በ1898 ስለሞተ በ1910 የተነሳው ሌላ ሰው መሆን አለበት። በእጅ ያለ በትርና ትከሻ ላይ የተጣለ ጭራ ሰውየው ቱላፋሌ፣ ማለትም በጉባኤ ስለ ሕዝቡ የሚናገር አለቃ መሆኑን ያመለክታል፤ ፍለጋዎን ያጠብልዎታል።

የስም ፍለጋ ለምን እንደሚከብድ ይወቁ። በኖቬምበር 1918 ታሉኔ የተባለች መርከብ ከኦክላንድ የኅዳር በሽታን ይዛ አፒያ ገባች፤ ማንም አላገዳትም። ስምንት ሺህ አምስት መቶ ያህል ሰው፣ ከሕዝቡ ከአምስት አንዱ በላይ፣ አለቀ። «ይህማ አጎቴ ነው» ሊሉ የሚችሉ ሽማግሌዎች አብረው ሄዱ። ቢሆንም ተስፋ አይቁረጡ። ሊንት በ1870ዎቹ መጀመሪያ በግራፍተን ስቱዲዮው ያነሳቸው የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ለመቶ ዓመት ስም አልባ ሆነው ከኖሩ በኋላ፣ በተመራማሪዎችና በዘሮቻቸው ጥረት የአንዳንዶቹ ስም ተመልሷል።

ደረጃ ዘጠኝ፦ ቤተ መዛግብቱን ይጠይቁ

ምስሉን በጎግል ሌንስ ወይም በተመሳሳይ መሣሪያ ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ የተጋራውን ሳይሆን የመዝገብ ቁጥር ያለውን ይያዙ። በዌሊንግተን ያለው ቴ ፓፓ ሙዚየም የአንድሩንና የበርተኖችን ሥራ ይዟል። እዚያው ከተማ አሌክሳንደር ተርንቡል ቤተ መጻሕፍት አለ። የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ትሮቭ የተባለው ገጽ የድሮ ጋዜጦችንም አብሮ ስለሚፈልግ አንድ ስቱዲዮ መቼ እንደተከፈተ ከማስታወቂያው ማወቅ ይቻላል። ለጀርመን ግዛቶች የፍራንክፈርት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የጀርመን ቅኝ ግዛት ማኅበርን የምስል ክምችት በድረ ገጽ አቅርቧል፤ መግለጫዎቹ በጀርመንኛ ስለሆኑ በድሮዎቹ የጀርመን ስሞች ይፈልጉ።

ደረጃ አሥር፦ የራስዎን መግለጫ ይጻፉ

አሁን የሸፈኑትን ጽሑፍ ይግለጡ። የመጀመሪያውን መግለጫ በጥቅስ ምልክት ውስጥ እንዳለ ያስቀምጡ፤ ስድብ ቢሆንም አያለዝቡት፣ የራስዎ ቃል ግን አያድርጉት። ከሥሩ የራስዎን ይጻፉ። ለምሳሌ፦

«ላዋኪ ናሙላውኡሉ ማሞኤ (በትር የያዘው) እና ሌሎች የሳሞአ አለቆች፣ ወደ ሳይፓን ግዞት በሚወስዳቸው የጀርመን የጦር መርከብ ላይ፣ 1909። ፎቶግራፍ፦ ቶማስ አንድሩ።»

ከዚህ በኋላ ምስሉ የሚገኝበትን ተቋምና የመዝገብ ቁጥሩን ያክሉ። ግምት ከሆነ «ይመስላል» የሚለውን ቃል አይፍሩት።

መብቱን በተመለከተ በኒው ዚላንድ ከ1944 በፊት፣ በአውስትራሊያ ከ1955 በፊት የተነሱ ፎቶግራፎች የቅጂ መብታቸው አብቅቷል። ሕጉ ፈቀደ ማለት ግን ቤተሰቡ ፈቀደ ማለት አይደለም። አስከሬን፣ ምስጢራዊ ሥርዓት፣ ወይም ያለ ፍላጎቷ የተራቆተች የምትመስል ልጅ ያለበትን ምስል ለማሳያ ብዬ አልለጥፍም፤ በቃላት እገልጸዋለሁ።

በኮምፒውተር ቀለም መቀባትንም እርግፍ አድርገው ይተዉት። ያ ፕሮግራም ሽርጡ ሰማያዊ ይሁን ቀይ አያውቅም፤ ይገምታል። ፊት «የሚያጠራው» ደግሞ ይባስ፤ ያልነበረ ዓይንና ያልነበረ ከንፈር ፈጥሮ ይሰጥዎታል። የድሮዎቹ የፖስታ ካርድ አታሚዎችም በጀርመን ተቀምጠው ያላዩትን ባሕር አረንጓዴ ይቀቡት ነበር።

በሙዚየሙ መዝገብ ላይ ስሕተት ካገኙ ይጻፉላቸው። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦ የመዝገብ ቁጥሩ፣ የተጻፈው፣ እርስዎ ያገኙት፣ ማስረጃው። የስባሪዋን መርከብ ጠርዝ ወይም የቴምብሩን ጽሑፍ አጉልተው አብረው ይላኩ። መልሱ ወራት ሊወስድ ይችላል።